የሆባርት ኮረብታ እና የቋሊማው ሰውዬ

ዴልማር ሃስኬት ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ራሱ በአፉ የሚናገረው ነው። ፖስተኛዋ ስትመጣ እንኳ በመጋረጃው ቀዳዳ ያያታል፤ የፖስታ ሳጥኑን የሚከፍተው መኪናዋ ከዓይን ከራቀች በኋላ ነው። ዕድሜ ልኩን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የእጅ ሰዓት ሸለሙት። ቤቱ ወስዶ ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየውና "ወደ ኋላ ይቀራል፤ ድሮስ ከእነሱ ምን ይጠበቃል" አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእሱ ተረት ሳይሆን የቤት ሕግ ነው።

በአጋዘን ነገር ከመጣህማ እኛ ሰሜን ሚዙሪ ያለን ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ዴልማር ነን። የሌላ አገር ታርጋ የለጠፈ መኪና ነዳጅ ማደያው ጋ ቆሞ "አካባቢው አጋዘን አለው?" ካለ መልሳችን አንድ ነው። "ድሮ ነበር፤ በሽታው ጨረሰው።" ይህን የሚለው ሰው መኪና ላይ የተጫነው አጋዘን ገና ደሙ ያልደረቀ ሊሆን ይችላል። ነውር የለውም። ልጆቻችን አፍ ሲፈቱ የሚማሩት ነው።

ዴልማር የሚሰስተው ግን አንድ ቦታ ነበረው፤ የሆባርት ኮረብታ። ሆባርት ፕሩየት ጎረቤቱ ነው፤ ሚስቱ ትንሽ ልጃቸውን ይዛ ካንሳስ ሲቲ ከገባች በኋላ ብቻውን ከብት ሲያረባ የኖረ ገበሬ። ዴልማር ጎረምሳ ሳለ አንድ ቀን በሩን አንኳኳና "ኮረብታህ ላይ ላድን?" አለው። ሆባርት እጁን ዘረጋለት፣ ተጨባበጡ፣ በቃ። ወረቀት የለ፣ ኪራይ የለ። የገና በዓል ሲደርስ ዴልማር ካደነው አጋዘን የሠራውን ቋሊማ ታቅፎ ይሄዳል። ሆባርት ቀምሶ "ዘንድሮ ቁንዶ በርበሬው በዛ" ይላል፣ ወይ ደግሞ "አነሰ" ይላል። ያኔ ፈቃዱ ለከርሞ ታደሰ ማለት ነው።

ኮረብታው መሃሉ ላይ እንደ ኮርቻ ዝቅ ይላል። አጋዘን ሰነፍ ነው፤ አቀበቱን ትቶ በዝቅታው ነው የሚሻገረው። ዴልማርና ሚስቱ ነዲን ይህን ስለሚያውቁ እዚያው ኮርቻው አፍ ላይ ካለው የኦክ ዛፍ ላይ ማማ ሠሩ። ለሁለት ሰው የሚሆን። ነዲን ለራሷ መቀመጫ ከአሮጌ ካፖርቷ ትራስ ሰፋች። ህዳር በመጣ ቁጥር ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ቤተ ክርስቲያን ዝም ይላሉ። ዴልማር ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ የሚያስደስተው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ መቀመጫዋ ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ጠመንጃውን እንኳ አያስደግፍበትም።

ስለ መሰላሉም ልንገራችሁ። ከታች ሲቆጠር አራተኛዋ እርከን በስብሳለች። ዴልማር መጠገን አቅቶት አይደለም፤ ሆን ብሎ ነው የተዋት። ሌባ በጨለማ ልውጣ ቢል ይወድቅለታል። "አንድ ቀን የሰው አንገት ይሰበርበታል" ትለው ነበር ነዲን። "ማን ውጣ አለው?" ይላታል። የሁለቱ እግር ግን ለምዶ ሳያዩ ይዘሏት ነበር።

ሆባርት በጸደይ ሞተ። ሣሩ መቃብሩ ላይ ሳይበቅል አጥሩ ጥግ "የሚሸጥ የአደን መሬት" የሚል ሰሌዳ ተተከለ። የአደን መሬት፤ እስቲ እዩልኝ። ሆባርት በሕይወቱ "የከብቶቼ ግጦሽ" ሲለው ነው የኖረው። የምትሸጠው ካንሳስ ሲቲ ያደገችው ልጁ ሻርሊን ናት፤ ከብትም አጋዘንም አታውቅ፣ ምን ይፈረድባታል።

ዴልማር ሰሌዳውን ሁለቴ አነበበው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሌላ ዛፍ ላይ ሌላ ማማ የሚሠራበት ጉልበት የለውም፤ ቢኖረውም እዚያኛው ላይ ነዲን አልተቀመጠችበትም። ያቺ ኮረብታ ከተዘጋችበት ምን ሊሆን ነው? ደግሞ አለነገር አልፈራም። ከመንገዱ ማዶ ያለውን እርሻ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የቺካጎ ጥርስ ሐኪም ገዝቶት ነበር። ሲመጣ ሳቀ፣ ሁሉን ጨበጠ፣ ቢራ ጋበዘ። በሳምንቱ ዛፉን ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም ቀባው። እኛ ዘንድ ወይን ጠጅ የተቀባ ዛፍ "ከዚህ እንዳታልፍ" ማለት ነው። እዚያ እርሻ ላይ ሲያድኑ የኖሩት ሽማግሌ ኤቨሬት አሁን ህዳር ሲመጣ ቴሌቪዥን ያያሉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሏችኋል እንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ የሉዊዚያና ታርጋ ያለው ፒክአፕ ግቢው ሲገባ ዴልማር በረንዳው ላይ እንደ ጅብራ ተገትሮ ጠበቀው። የወረደው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ በእሳት ፍንጣሪ የተጠባበሰ ሰው ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

"እንደምን አደሩ ሚስተር ዴልማር። ስምዎትን ከፖስታ ሳጥኑ ላይ ነው ያነበብኩት። አልሲድ ጊድሪ እባላለሁ።"

"ምን ልታዘዝ?"

"የፕሩየትን መሬት ልገዛ እያሰብኩ ነው። እኔ መርከብ በያጅ ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ብረት ውስጥ ነው የምውለው። ኮረብታ ላይ መቀመጥ አማረኝ።"

"አጋዘን የለም። በሽታው ጨረሰው።"

"ነዳጅ ማደያ ያለችው ሴትዮም ይህንኑ ነገረችኝ። ቃል በቃል" አለ አልሲድ። አልሳቀም፤ ዓይኑ ግን ያልሳቀ ዓይን አልነበረም። ዴልማር ያንን መዘገበበት።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሻርሊን፣ አባቷ ጋ በየገናው ቋሊማ የሚያመጣ ሰው ነበር አለችኝ። ስሙን አታውቀውም፤ አባቷ 'የቋሊማው ሰውዬ' ሲል ነው የምትሰማው። ኮረብታው ላይ የሚያድነው እሱ ነው አለች። ያውቁታል?"

የዴልማር ጭንቅላት በአንዴ ሺህ ቦታ ረገጠ። ምን ሊያደርገው ነው የሚፈልገው? ሊያባርረው? "መብት የለኝም" ብሎ እንዲፈርም ሊያደርገው? ሰው ሰውን የሚፈልገው ለደግ ነው እንዴ?

"ሞቷል" አለ።

"ውይ። ምን ሆኖ?"

ዴልማር ይህን አላሰበበትም ነበር። "ልቡ ነው" አለ።

ሰውየው ቆቡን አወለቀ። "ነፍሱን ይማር።"

"አሜን" አለ ዴልማር፣ ለገዛ ነፍሱ።

አልሲድ ጥቅሉን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሲፈታው ቋሊማ ነው፤ ሩዝ የተቀላቀለበት የእነሱ አገር ቋሊማ። ዴልማር ቆርሶ ለውሻው ለዱክ ሰጠና እስኪመሽ ሲጠባበቅ ዋለ። ውሻው ከመሞት ይልቅ ጅራቱን እየቆላ ድገመኝ አለ። ዴልማር ግን አልቀመሰም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከታች ወሸቀው።

በሳምንቱ ነዳጅ ሊቀዳ ሄደ። ማደያውን የምትይዘው ዋንዳ የነዲን ታናሽ እህት ናት፤ ምላሷ ምላጭ ነው። ገና ሲገባ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችው።

"አንተ፣ ሞተሃል አሉ።"

"ማን አለሽ?"

"ያ የሉዊዚያናው ሰው ነዋ። መቃብሩ የት ነው፣ አበባ ላስቀምጥለት ብሎ መጥቶ ጠየቀኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ምን ልበለው? ለውጭ ሰው ጎረቤቴን አላጋልጥ ነገር። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ተበተነ አልኩት። አንተን ብዬ ለነፍሴ ኃጢአት ገዛሁ።"

"ጥሩ አደረግሽ።"

"ምኑ ነው ጥሩ? ሰው ለማያውቀው ሙት አበባ ይዞ ሲዞር አንተ እዚህ ቁመህ ነዳጅ ትቀዳለህ። ነዲን ብትኖር ጆሮህን ይዛ ትጎትትህ ነበር። ሂድና እኔ ነኝ በለው።"

"አሁን? ከሞትኩ በኋላ?"

"ታዲያስ።"

"ተይኝ ዋንዳ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።"

"አይመልስህ እሺ። የተዝካር ፍሪዳ ግን ከእኔ እንዳትጠብቅ" አለችና መልሱን ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት።

ሰኔ ላይ ሰሌዳው ተነቀለ። አልሲድ ገዛው። ዴልማር ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር የኮረብታውን ዛፎች መቁጠር ያዘ፤ ወይን ጠጅ ቀለም የትኛው ላይ ይጀምር ይሆን እያለ። ሰውየው በየጊዜው ከዚያ ሁሉ አገር እየነዳ ይመጣል፣ አጥር ያቃናል፣ የሆባርትን የተሰበረ በር ይበይዳል፣ እጁን አንስቶ ሰላም ይላል፣ ይመለሳል። ቀለም የለም። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ አንድ ዛፍ አልተቀባም። ይኸው አለመቀባቱ ራሱ ዴልማርን እንቅልፍ ነሳው። የማይቀባ ሰው ምን የሚያስብ ሰው ነው?

ጥቅምት ላይ ፒክአፑ እንደገና ግቢው ገባ።

"ሚስተር ዴልማር፣ ሰው ላስቸግር አልወድም" አለ አልሲድ። "ግን አንድ እጅ አንሶኛል። የሟቹን ማማ ላፈርሰው ነው። ጣውላው አርጅቷል፣ ሰው ላይ ይወድቃል። ባለቤቱም አብራው ትቀመጥ ነበር አሉ፤ ከዘመዶቻቸው አንድ ነገር የሚፈልግ ካለ እንዲደርሰው በደንብ ነው ማውረድ የምፈልገው።"

ዴልማር ምን ይበል? እንቢ ቢል ሰውየው ብቻውን ያፈርሰዋል። እሺ ቢል በገዛ እጁ ሊያፈርስ ነው። ኮቱን አነሳና ተከተለው።

ዛፉ ስር ሲደርሱ አልሲድ መዶሻውን ወገቡ ላይ ሻጠና መሰላሉን ያዘ። አንድ እግሩን አነሳ። ዴልማር አራተኛዋን አየ። ዝም ቢል ሰውየው ወድቆ ጀርባው ይሰበራል። "እሷን እንዳትረግጥ" ቢል ደግሞ "እርስዎ በምን አወቁ?" ይባላል።

"ተው፣ እኔ ልውጣ" አለ። "አንተ ከባድ ነህ።"

ወጣ። እግሩ እንደ ልማዱ አራተኛዋን ዘለላት። ማማው ላይ ሲደርስ ቆቡን አወለቀና ከግንዱ ጀርባ፣ ከታች የማይታይ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ሳያይ። እጁ ነው የሰቀለው። ከዚያ በነዲን መቀመጫ ፊት ተንበርክኮ ቀረ። ትራሷ ዝናብ በልቷት ጥጧ ወጥቷል። መዶሻ ላቀብልዎት የሚል ድምፅ ከታች ጠበቀ፤ አልመጣም።

"ሚስተር ዴልማር" አለ አልሲድ ቀስ ብሎ። "ሟቹ ቋሊማው ውስጥ ምን ነበር የሚጨምረው?"

ዴልማር ቆቡን አየ። ሚስማሩን አየ።

"ሰናፍጭ" አለ በመጨረሻ። "የሰናፍጭ ፍሬ። ቁንዶ በርበሬም።"

"ጥሩ ነገር ይመስላል።"

"ሆባርት አንዳንዴ በዛ ይላል።"

አልሲድ ዛፉን ተደግፎ ቁጭ አለ። "ስለ መሬቱ ስንነጋገር ሻርሊን አንድ ቃል አስገባችኝ፣ በአፍ። አባቷ ለዚያ ሰው ቃል ሰጥቶታል፣ እስኪሞት ያድናል አለች። እሺ ብዬ ጨበጥኳት። በጸደይ በርዎ ላይ የመጣሁት ይህን ልነግረው ነበር።"

ዴልማር ፊቱ እንደ ፍም ቀላ። ቢያንስ ሰውየው ከታች ሆኖ አያየውም። እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው አለ እንዴ? ኖረም እንበል፣ ለምን?

"ማማው ይቆያል" አለ አልሲድ፣ ዴልማር ሲወርድ። "እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው።"

መጣችልህ፣ አለ ዴልማር በሆዱ። ያ "አንድ ነገር" አይቀርም ነበር።

"እኛ አገር ረግረግ ነው፣ በውሻ ነው የምናድነው። ኮረብታ አላውቅም። የአደን መክፈቻ ቀን የት ብቀመጥ ይሻላል? የሚሉኝ ቦታ እቀመጣለሁ።"

እዚህ ላይ ዴልማር ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ትክክለኛውን ቦታ ነገረው ብላችሁ ከሆነ ዴልማርን አታውቁትም። እጁ ተነሳ፤ ከአእምሮው በፊት ነው የተነሳችው። ታች ጅረቱ ዳር ወዳለው ወደ ወደቀው ዝግባ ጠቆመ።

"እዚያ። ጎህ ሳይቀድ ግባ፣ አትነቃነቅ።"

ጅረቱ ዳር አጋዘን አልፎበት አያውቅም ነው የምላችሁ፣ ጎርፍ ዳርቻውን ከናደው ወዲህ። አልሲድ ግን አመሰገነው። ዴልማር ስለ አራተኛዋ እርከንም ትንፍሽ አላለም። የራሱን እግር ራሱ ይጠብቅ፣ አለ።

ህዳር መጣ። የመክፈቻው ቀን እኛ ዘንድ ከገና ይበልጣል ብል አጋነንክ የሚለኝ የለም። ሱቅ ይዘጋል፣ ሠርግ አይደረግም። ያን ዕለት ጠዋት ከማማው የሚወርድ ሰው አይገኝም። ነዲን አንድ ዓመት ጥርሷን አሟት ጉንጯ አብጦ እስከ እኩለ ቀን አልወርድም ብላ ተቀምጣለች።

ዴልማር በጨለማ ወጥቶ ቦታውን ያዘ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሣሩ በአመዳይ ነጥቷል። ሲነጋጋ ከሩቅ ከሩቅ ተኩስ ይሰማ ጀመር። ወደ ታች ሲያይ ጅረቱ ዳር አንዲት ብርቱካናማ የአዳኝ ቆብ ታየችው። አልሲድ ነው። የተባለው ቦታ፣ የወደቀው ዝግባ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አይነቃነቅም። አትነቃነቅ ተብሏላ።

ፀሐይዋ ጫፏን እንዳወጣች አጋዘኑ መጣ። እንዲህ ያለ ቀንድ ዴልማር ካየ ዓመታት አልፈዋል። እንደ ሰነፍነቱ አቀበቱን ትቶ በኮርቻው በኩል ቀጥታ ወደ እሱ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ማንም ሳያየው። ዴልማር ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ። አጋዘኑ ቆመ፣ ጎኑን ሰጠው። ከአጋዘኑ ጀርባ፣ ከታች በጣም ርቆ፣ ያቺ ብርቱካናማ ቆብ አለች። ሰውየው እጁን በእጁ ሲፈትግ አየው፤ ከዚያ አትነቃነቅ መባሉ ትዝ ብሎት ይመስላል ተወ።

ዴልማር አፈረ። እንዲህ ያለ እፍረት መቼ እንደተሰማው አያስታውስም። ለሞተ ሰው አበባ ይዞ የዞረ ሰው ነው እዚያ ብርድ ላይ ያስቀመጠው። ነዲን አጠገቡ ተቀምጣ ብታየው ምን ትል ነበር? ምንም አትልም፤ ጥላው በመሰላሉ ትወርድ ነበር።

ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። አጋዘኑ ኮርቻውን ተሻግሮ ሄደ። ዴልማር ጥይቱን አወጣና በመክፈቻው ቀን፣ ምርጥ በሆነው ሰዓት፣ ከማማው ወረደ።

ቁልቁለቱን ሲወርድ አልሲድ አይቶት ተነሳ። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል።

"ምነው፣ መትተው ነው? ልርዳዎት?"

"ተነስ ከዚህ" አለ ዴልማር። "እዚህ አጋዘን አያልፍም። ጎርፉ ከመጣ ወዲህ አልፎ አያውቅም።"

አልሲድ ትንሽ አየው። "ያን ዕለት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ጅረቱ ከስስ በረዶ ስር ይሰማል። አልሲድ ጓንቱን አወለቀ፣ ጣቶቹን አፉ ጋ አድርጎ እፍ አለባቸው፣ ጠመንጃውን አነሳ። ዴልማር ይቆጣል ብሎ ጠበቀ፤ ቢቆጣው ይቀለው ነበር። ሰውየው ግን አጠገቡ ቆመ፣ መንገዱን ምራኝ እንደሚል ሰው።

አቀበቱን በሽማግሌው እርምጃ ልክ ወጡ። ዛፉ ስር ሲደርሱ ዴልማር ቆመ። ወደ ላይ አየ፤ መቀመጫዎቹ ሁለት ናቸው። ጥጧ የወጣው ትራስ ከጣውላው ጫፍ ትታያለች።

"ውጣ" አለው። "በስተግራ ያለው፣ ትራሱ ያለበት ላይ ተቀመጥ። ትራሱን አትግፋው።"

አልሲድ ጠመንጃውን አንግቶ መሰላሉን ያዘ። አንደኛዋን ረገጠ፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። እግሩን ሲያነሳ ዴልማር ከኋላው ኮቱን ጨብጦ ያዘው።

"አራተኛዋን አትርገጥ" አለው። "በስብሳለች። ነገ እጠግናታለሁ።"